ያልገባው

ፕሎቭዲቭ፣ አምስት ቁጥር፣ አሥራ አራት ዓመት፣
ሁለት ጊዜ ተቀዶ የተሰፋ ጉልበት፤
ጎል አንዲት በዕድሜው፣ እሷም በራሱ መረብ፤
ይኸው ነው ፋይሉ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ።

እኔ አስተርጓሚው ነኝ።
ሶፊያ የላኩኝ ለወይን ተባይ ትምህርት ነበር፤
ዲግሪውን ውኃ በላው፣ ቋንቋው ብቻ ተርፎኝ ገባሁ ወደ አገር።
«ወይን የለንም፣ ጓድ፤ ኳስ ግን አለን» አሉና
ለማተሚያ ቤቱ ቡድን መደቡኝ፣ በደብዳቤ፣ በትሕትና።

ጓድ ራድኮ ጌንቼቭ፤ አንገቱ የበሬ፣
ሳቅ የማያባክን፣ የማይወድ ወሬ።
ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆቴሉ ወጥቶ
የቸርችልን ዳገት ያን ጉልበት ጎትቶ፣
በፒያሳ አድርጎ፣ አራት ኪሎን አልፎ፣ እስከ ጃን ሜዳ፤
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ስምንት ኳስ በጀርባዬ፣ እንደ ሰው ዕዳ።

«ይሄ ልጅ» ይላል በአገሩ አፍ፣ «እንደ ጥቅል ጎመን ቆሟል፤
እናቱ ስትወልደው እግሩን ረስታለች» ይላል።
«ትንሽ ፍጠን ብሏል» እላለሁ እኔ።
ራድኮ ይገላምጠኛል፤ «ያ ሁሉ ቃል እንዲህ አጠረ?»
«ቋንቋችን ቁጥብ ነው።» እዋሻለሁ፤ ዐይኔ ሣሩ ላይ ቀረ።

አንገት ግን አስተርጓሚ የለውም።
በነሱ አገር ራስ ወደ ታች ሲነቀነቅ «አይሆንም»፣
ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ «እሺ» ነው፤ ይህን ማንም አልነገረንም።
ሽብሩ የሚሉት፣ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፣ ፊደል ለቃሚ፣
መሐል ተከላካይ፣ ጣቱ ቀለም፣ ነገር ፈጥኖ ሰሚ፣
«ልውጣ?» ብሎ ጠየቀ በመጀመሪያው ሳምንት።
ራድኮ ነቀነቀ። ወጣ። ባዶውን ቤት
ከኋላው ዘረፉት። ሦስት ለዜሮ። ባርኔጣው ተረገጠ።
እሱም በተራው ደነገጠ፣
ልጆቹ እንደ አገራችን ወግ ለ«አዎ» አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ፤
«ሐኪም ጥራ!» አለኝ፤ «አስመኛ ነው እንዴ ሕዝቡ?»

ሚያዝያ ላይ፣ ያልታሰበ ዝናብ አባሮን፣
ፖስታ ቤት በረንዳ ሥር፣ ጫማችን ጭቃ፣ ሁላችን ዝም ብለን፣
«ተከላካይ» አለ ዝናቡን እያየ፣
«ታሪኩ ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፣ በማንም ዐይን ያልታየ።
የገባው ይጻፋል በጋዜጣ፣ ከነደቂቃው፤
ያልገባውን ግን ማን ቆጥሮ ያውቃል?»
ያን ብቻ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር ተረጎምኩት።
ሽብሩ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሐኪም አልተጠራም።

ሰኔ። ስታዲየም። ሰማዩ እንደ ነፍሰ ጡር ከብዷል።
ዜሮ ለዜሮ፤ አንድ ጎል፣ አንዲት፣ ዋንጫ ያስወስዳል።
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ። የማዕዘን ምት፣ የእኛ።
ሽብሩ ከሩቅ ዞረ፣ እጁን አነሣ፦ «ልውጣ?»
ራድኮ ሰባት ወር ሙሉ የእኛን አንገት አጥንቷል፤
ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ፤ በእኛ ወግ «ውጣ» ብሏል።
ሽብሩም ሰባት ወር ሙሉ የሱን አንገት አጥንቷል፤
«አትውጣ» ተባልኩ ብሎ እንደ ግንብ ቆሟል።

ኳሱ ተመለሰ። ረጅም። አጥቂያቸው ብቻውን ከበረኛችን ጋር፤
መታ። በረኛው ወደቀ። ሽብሩ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ከመስመሩ ዳር
በቅልጥሙ አወጣው፣ ወደ ሰማይ። ፊሽካው ተነፋ።
ዋንጫው በዚያው ጠፋ።

ካታንጋ ተነሥቶ፣ ከሚስማር ተራ እስከ ጥላ ፎቅ፣
«ይሄ ፈረንጅ አልገባውም! ኳስ አልገባውም!» አለ እንደ መብረቅ።
«ምን አሉ?» አለኝ ራድኮ።
አንዲት ፊደል፣ አንዲት «ው»፣ ከመስመሩ ላይ አወጣሁ፦
«አልገባም ነው የሚሉት።»
ፈገግ አለ፤ ዝናቡ ጀመረ፤
ከዚያ እንደ እኛ ሰው አየር ወደ ውስጡ ስቦ፣ ዝም ብሎ ቀረ።

ውሉ አልታደሰም፤ መስከረም ሳይጠባ ሄደ።
ፊሽካውን ለሽብሩ ተወ፣ ገመዱ ላብ የለመደ።

ትናንት በጃን ሜዳ ሳልፍ፣ ሽብሩ፣ ጸጉሩ ወረቀት መስሎ፣
ሕፃናት ያሠለጥናል። አንዱ፣ ማልያው ከጉልበቱ በታች፣
«ጋሼ፣ ልውጣ?» አለው ከሩቅ።
ሽብሩ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።
ልጁ ሮጦ ወጣ።